የማይቆጠረው እትም

ልብስ ሰፊዋ አጎቷን ያገኘችው በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከሥዕላዊ መጻሕፍት መሸጫው በላይ ባለችው ክፍል፣ በመደርደሪያዎች መካከል ወድቋል። ከራስጌው ለጌጥ ይቀመጥ የነበረው የመዳብ ጓንት ሐውልት፣ ከቀኝ እጁ ሥር ወፍራም ጥቁር ማርከር ተጋድሟል። እንጨቱ ወለል ላይ በተንጋደደ ፊደል አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ጸጥታ»።

ደረጃውን እየተንፏቀቀች ወረደች። ያስፈራት ሬሳው ብቻ አልነበረም። በዚያ ቤት «ፀጥታ» ተብላ የምትጠራው እሷ ናት።

የመጣችው ኢንስፔክተር ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ሴት ነበረች። የልጅቷን ቅጽል ስም ደጅ የሰማው ረዳቷ ሳጅን ወለሉን አንብቦ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«ሟቹ ራሱ ነግሮናል እኮ፤ ምን እንጠብቃለን?»

«ሟች ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችው። «መልሰው።»

ከዚያ ባለሱቁን ጥግ አስይዛ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀችው። ባለሱቁ እጁን እያፍተለተለ አስረዳት። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የጓሮ በሩ ቁልፍ አላቸው፤ በየቅዳሜው ተሰብስበው ስለ መዳብ እጅ፣ ስለዚያ ስለሚበረው ጀግና ይከራከራሉ። ታሪኩን ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ጽፎታል፣ ብዙ ሰው ስሎታል። በአንዱ እትም እናቱ ሞታለች፣ በሌላው በሕይወት አለች። ስለዚህ የትኛው እውነተኛው ታሪክ እንደሆነ የሚበይን ሰው ያስፈልጋል፤ እነሱ ይህንን «ቀኖና» ይሉታል። በያኙ ሟቹ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለሠራ «ዳኛው» አሉት። «ይቆጠራል» ካለ ይቆጠራል፤ «አይቆጠርም» ካለ አለቀ። አሁን ደግሞ አሳታሚው ታሪኩን ሁሉ ባንድ ጥራዝ ሊያወጣ ነውና ምርጫውን ለእሱ ሰጥቶታል። ዳኛው ያስቀረው ዳግመኛ አይታተምም።

«በዚህ ሰው ይገደላል?»

«አንድ ቅዳሜ መጥተው ቢያዩን አይጠይቁኝም ነበር» አላት።

የመጨረሻው ጠብ በአንዲት ልዩ እትም ላይ ነበር። የመዳብ እጅ ባላንጣ በዋናው ታሪክ ስም የላትም፤ «ሴትዮዋ» ነው የምትባለው። አንድ ጊዜ ብቻ የታተመች፣ የደራሲ ስም የሌላት እትም ግን «ፀጥታ» ብላ ሰየመቻት፤ አንጀት የምትበላ ሰው አድርጋም አቀረበቻት። ዳኛው አይቆጠርም አለ፤ ስሟንም አንድ ቀን ባፉ አላነሣም። የእህቱ ልጅ ልብስ ሰፊዋ ግን የዚያችን ሴትዮ ካባ ሰፍታ፣ ስሟን ጀርባው ላይ ጠልፋ፣ ለብሳው መጣች። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም «ፀጥታ» ሆነች። ለአጎቷ ያው የልጅነቷ «ሚጣ» ናት። በሞተበት ጠዋት ሁለቱ በዚህችው እትም የተነሣ ሲጨቃጨቁ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።

ኢንስፔክተሯ ልብስ ሰፊዋን በሥራ ቦታዋ አነጋገረቻት። ልጅቷ ክር በመርፌ ልታስገባ ትሞክራለች፤ ይስታታል።

«እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይሰቅሉኛል?»

«ማን ይሰቅልሻል? እስከ ነገ ግን ከሰፈር አትውጪ። የምትፈሪው ሰው አለ?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። የቀሩት ሦስቱ የቅዳሜ ወዳጆች መጥተው አቅፈው እንዳለቀሱላት ነገረቻት፤ ባለሱቁ፣ ሹፌሩ፣ ጋሼ ሐኪሙ። ከሦስቱ ባንዱ እጅ አጎቷ ሞቷል፤ ያው እጅ ጀርባዋን እያሻሸ አይዞሽ ብሏታል። የማን እንደሆነ ስለማታውቅ የሦስቱንም እጅ አሁንም ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ማሽኗን አዙራ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ የምትሰፋውም ለዚህ ነው።

ኢንስፔክተሯ የአውቶቡስ ሹፌሩን መናኸሪያ አገኘችው። ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነው፤ መሪው ጋ ከመቀመጡ በፊት ግን የኋላ ወንበሮችን ጎንበስ እያለ አንድ በአንድ ያያል። እትሟ ትቆጠራለች ባይ እንደሆነ አልደበቀም።

«ዳኛውን "አንቄ ልገላግልህ" ስለው ነው የኖርኩት» አላት። «አፌ ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።»

የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ንጹሕ ነበር። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ በብሩሽ በእጅ የተጻፈ ውብ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «እባክዎ ጸጥታ ያክብሩ»። ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ የተከበረ ሰው ነው። እጁን ታጠበ፤ አደረቀ፤ እንደገና ታጠበ። ስለ እትሟ ስትጠይቀው ከንፈሩን ነከሰ።

«ከዳኛው ቀድሜ አይቆጠርም ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንብቤ ጣልኳት።»

«ምን ትላለች?»

«ተራ ልቅሶ ናት። የባላንጣዋን ልጅ ልትገድል ትሄዳለች፤ ተኝቶ ታገኘዋለች። መጨረሻ ላይ እንዳይበርደው መስኮቱን ዘግታለት ትወጣለች።» ድምፁ ሳያስበው ለስልሶ ነበር። «እንዲህ ያለች ክፉ ሰው ታውቂያለሽ?»

እንደማታውቅ ነግራው ወጣች። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመልሳ እትሟን እንደቆመች አነበበች፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ሌላ ኅትመት እንዳለ ባለሱቁን ጠየቀችው። የለም አላት፤ አንዴ ታትማ፣ ተሥቆባት፣ ቀረች።

በማግሥቱ ከሰዓት ሁሉንም እላይዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማንም ለማንም ጀርባውን መስጠት ስላልፈለገ ወንበራቸውን እየጎተቱ ግድግዳ ተደገፉ። ጠዋት አሳታሚው ደውሎ የአጎቷን ምርጫ ልብስ ሰፊዋ እንድትጨርስ እንደጠየቃት ባለሱቁ ተናገረ፤ እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት አልተገኘም። ሳጅኑ ከልጅቷ አጠገብ፣ ለካቴና በሚመች ርቀት ላይ ቆሟል። ልጅቷ የምታየው ካቴናውን ብቻ ነበር።

«ከቃሏ እንጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዳኛው ይህን ስም ዕድሜውን ሙሉ አልጠራም። ልጅቷ ለእሱ ሚጣ ናት። ገደለችኝ ሊል ቢፈልግ ሚጣ ብሎ ይጽፍ ነበር።»

ሹፌሩ አላስቻለውም። ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው ለቀኖና ምን ግድ ይሰጠዋል ሲል ጠየቀ።

«ግድ አይሰጠውም። ጊዜ ግን የለውም። ጊዜ የሌለው ሰው እጁ የሚጽፈው የለመደውን ነው። ስለዚህ ቃሏን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ልጅቷም የራሷን ስም ጽፋ ራሷን አታስይዝም።»

ሳጅኑ ከልጅቷ አንድ እርምጃ ራቀ። ልጅቷ ግን እፎይ አላለችም፤ እሷ ካልሆነች ከሦስቱ አንዱ ነዋ።

ኢንስፔክተሯ የተጠለፈውን ካባ ዘርግታ እትሟን ከጎኑ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወለሉን በጣቷ አሳየች።

«እዚህም እዚያም ስሟ በፀሐዩ ፀ ነው። ወለሉ ላይ ያለችው በጸሎቱ ጸ ናት። እኔ ሁለቱም አንድ ናቸው ተብዬ ነው ያደግሁት። ለእናንተስ?»

«እኛ በአንዲት ነጠላ ሠረዝ ወር ሙሉ ተኳርፈናል» አለ ባለሱቁ ቀስ ብሎ። «ከመካከላችን ማንም ስሟን እንዲህ አይጽፍም።»

«ከእትሟ የተማራት ሰው እንደ እትሟ ይጽፋታል። ይህ ሰው ግን ከራሱ ነው የጻፋት፤ ማተሚያ ቤት ከመግባቷ በፊት የሚያውቃት ሰው ነው። ዶክተር፣ የክሊኒክዎን ማስታወቂያ ማን ጻፈልዎ?»

«እኔው ነኝ» አለ ሐኪሙ። «እንደዚያ የሚጽፍ ሰው ከተማው ሙሉ ነው።»

«ልክ ነዎት። እሱ ብቻውን አያስከስስም። የከበደኝ፣ መጨረሻ ላይ መስኮት ዘግታለት ትወጣለች ያሉኝ ነው። ባለሱቁ፣ የመጨረሻውን ገጽ አንብብልን።»

ባለሱቁ ወረቀቱን እያንኮሻኮሸ ገለጠ። ሴትዮዋ ጣሪያ ላይ ቆማለች፤ ነፋስ ካባዋን ያነሣዋል፤ አበቃ። ወደ ኋላ ገልጦ አየ፤ የተኛው ልጅ አለ።

«መስኮት የምትዘጋበት የለም» አለ።

«ነበረ» አለ ሐኪሙ።

ዝም ቢል ያልፈው ይሆናል። ግን የዚያ ክፍል ሰው የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ሳያርም ማለፍ አይሆንለትም።

«ነበረ» ሲል ደገመው። «ሁለቱን ገጽ ቆረጡብኝ። የስሟን ጸ እንኳ በፀ ለወጡብኝ።»

ሹፌሩ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ሐኪሙ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ ነገራቸው። በወጣትነቱ የሠራት አንዲት ሥራው ያቺ ናት። ስትወጣ ሁሉም ሣቁባት፤ እንዳይታወቅበት አብሮ ሣቀ፤ ሣቁ ልማድ ሆነበት። ጥራዙ ሊወጣ መሆኑን ሲሰማ ግን እንቅልፍ አጣ። በዚያ ጠዋት ልጅቷ ስትወጣ በጓሮ በር ገብቶ፣ የእኔ ናትና አስገባልኝ ብሎ ዳኛውን ለመነው።

«"በይሉኝታ ቀኖና አይሠራም" አለኝ። የመዳቡ ጓንት እጄ ውስጥ ነበር። ከዚያ ማርከሩን አነሣሁ… ሌላ ስም አልመጣልኝም።»

ሳጅኑ ካቴናውን አሰረለት። ሐኪሙ በሩ ጋ ሲደርስ ቆሞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። ሲናገር ያላለቀሰው ዓይኑ አሁን ረጥቧል።

«ከሁሉም አንቺ ነበርሽ የምትወጃት። አሁን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ይቆጠራል?»

ልጅቷ ካባዋን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ አጣጠፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ እያለች፣ በአንቱታ ያነጋገረችውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«ታሪኩ ይቆጠራል» አለችው። «ስምህ ግን አይጻፍበትም።»