ማሽን የገመተው ክብደት

ታናሽ ወንድሜ ፕሮግራመር ነው። የሐኪሞችን ትእዛዝ ከየክፍሉ እኔ ወደምሠራበት የሆስፒታል መድኃኒት ቤት የሚያመጣውን ሲስተም የሚጠብቀው እሱ ነው። ድሮ ትእዛዝ አንድ ነገር ከጎደለው ሲስተሙ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል፤ ወንድሜም ምሳውን ትቶ ይሮጣል። በቅርቡ ግን የተመለሰውን ትእዛዝ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ጠግኖ መልሶ የሚልክ መሣሪያ አስገባና ተገላገለ።

«የጠገነውን ታየዋለህ?» አልኩት።

«እህትዓለም፣ ዝርዝሩን በየጠዋቱ ይልክልኛል። ሁሉም አልፏል። ያለፈ ነገር ምን ይታያል?»

«ማለፉን እንጂ ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ፍለጋ ትወጃለሽ» ብሎ ሳቀ። ነገሩ ከሆዴ ባይወጣም ሥራ በዛብኝና ተውኩት።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ መስኮቴ ላይ ቆመች። ስክሪኑ የሕፃኗ ክብደት ሃያ አንድ ኪሎ ነው ይላል። ሕፃኗ ገና ጥርስ እንኳ አላወጣችም። የመድኃኒቱን መጠን ሲስተሙ የሚያሰላው ደግሞ በክብደት ነው። ወደ ክፍሉ ደወልኩ።

«ሚዛኑ ስለተበላሸ ክብደቷን ባዶ ትተነዋል» አለች ነርሷ። «ድሮ ቢሆን ይመለስልንና በሌላ ሚዛን እንመዝናት ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ አለፈ።»

ክው አልኩ። ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩና ያንን ያላየውን ዝርዝር አስከፈትኩት።

«ባዶውን ከሌሎች ልጆች ክብደት ገምቶ ሞልቶታል» አለ። ድምፁ ተቀየረ። «ሌላም አንድ አለ። የስድስት ወር ወንድ ልጅ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት።»

የዚያን ልጅ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጁ ፎቅ ላይ ተኝቶ መድኃኒቱን የወሰደው አባቱ ስለነበር አላየሁትም፤ ዕድሜውንም ልብ አላልኩም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ ልጁ መድኃኒቱን ወስዷል፤ ቢጠሩት አይነቃም። ሐኪሞቹ ከበቡት። ወንድሜ ከቢሮው እየሮጠ መጣና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብድግ ሲል ዋለ። እኔ ወደ ሥራዬ ብመለስም አንዱን ብልቃጥ ሦስቴ እያነበብኩ፣ በየመሀሉ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ልጁ ነቅቶ አለቀሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያለኝ ነገር የለም። እናቱ የወንድሜን እጅ ያዘችና፣ «ከጠዋት ጀምሮ ከኛ ጋር ተንከራተትክ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

«አታመስግኚኝ፣ እህቴ» አላት አቀርቅሮ። «የልጅሽን ክብደት ማሽን ነው የገመተው። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አላየሁም።»

እኔም ዕድሜውን ሳላነብ መስጠቴን ነገርኳት። የወንድሜን እጅ ለቀቀችው።

«ብታየው ምን ያህል ጊዜ ይወስድብህ ነበር?» አለችው።

«ሁለት ደቂቃ።»

መሣሪያው ዛሬም ይሠራል፤ የጎደለ ክብደት ግን አይሞላም፣ ለነርሷ ይመልሳል። ወንድሜም ዝርዝሩን ሳያነብ ቁርስ አይቀምስም። እናንተም ማሽን ሥራ ያቀለለላችሁ ሁሉ፣ ያቺን ሁለት ደቂቃ አትሰስቱ። እኛ ሰስተን አንድ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ሳይነቃ ዋለብን።