የካዛንቺሱ ደላላ አሟሟት

ደላላው ኪዱ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከወይዘሮ ፍረወይኒ ጓሮ፣ ከብረቱ ደረጃ ሥር ተዘርሮ ሲገኝ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። አንገቱ ተሰብሯል።

ምክትል ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ ሬሳውን ሊያይ ሲያጎነብስ ወገቡን ያዘው። አከራዩ «ልጄን ልድርበት ነው፣ ውጣልኝ» ካለው ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ከደላላ ደላላ ሲንከራተት ከርሟል። ዛሬ ደግሞ የሞተ ደላላ! ወይ ጣጣ!

ደረጃው የሚያወጣው ሀምዲያ ወደተከራየቻት አንዲት ክፍል ሰርቪስ ነው። ሀምዲያ ላንቻ ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ወይዘሮ ፍረወይኒ «ልቀቂ» ካሏት ሁለት ወር ሆኗል፤ እሷ ግን የት ትሂድ? ኪዱ እሷ እየኖረችበት ተከራይ እያመጣ ክፍሏን ያስጎበኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ሰፈር እስኪሰማ ጮኻበታለች፦ «ሁለተኛ ሰው ይዘህ ብትመጣ ከዚህ ደረጃ ነው የምወረውርህ!»

ሬሳውን ያገኘችውም እሷው ናት፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወሰዷት። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ አልለቅም ብላ፣ ጎረቤት በስንት መከራ አላቀቃት።

አርብ ጠዋት ሸዋአየሁ ተመልሶ መጣ። የግቢው በር ተዘግቷል፤ ደወል የለውም። አሥር ደቂቃ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ጣቱ ሲደክም፣ አንዲት ጎረቤት አዘነችለትና በግንቡ ጥግ ባለች ቀዳዳ እጇን ሰዳ ከውስጥ ሽቦ ሳበች። በሩ ተከፈተ።

«ማነህ? ማን አስገባህ?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ፍረወይኒ ከበረንዳው።

«ፖሊስ ነኝ፣ እማማ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ግፊቴ ተነስቶብኝ ተኝቼ ነበር። ምንም አላየሁም።»

«መስኮትዎ ከደረጃው ፊት ለፊት ነው።»

«መጋረጃው ተዘግቷል! እሷ ናት እንጂ ማን ይሆናል? ያ አፏ መች ያርፋል!»

«ተስፋለም የሚባል ቤት ፈላጊ ያውቃሉ?»

«ከየት አውቄው ልጄ!»

ከኪዱ ስልክ የመጨረሻው ጥሪ የተደወለው ለተስፋለም ነው። የመንገዱ ባለሱቅም በዚያ ሰዓት በአካባቢው አይቶታል። ተስፋለም የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ።

«ኪዱ ደውሎ የቤቱን አድራሻ ነገረኝ፤ ብቻዬን ፈልጌ መጣሁ» አለ፣ ሸዋአየሁ ቢሮው ድረስ ሄዶ ሲጠይቀው። «ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ተሰብስቧል። ማለቴ... ደነገጥኩና ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ በሕይወቴ እግሬን አስገብቼ አላውቅም።»

ሸዋአየሁ ጻፈና ወደ ባምቢስ ሰፈር ወረደ። የኪዱ የሥራ ጓደኛ ኤልዳድ ካፌ በር ላይ ቆሟል።

«ሐሙስ አብረን ነበርን» አለ ኤልዳድ። «ለአንድ ደንበኛ ደወለ። ሰውየው 'ያን ቤት ትቼዋለሁ' ሲለው ኪዱ ስልኩን ዘግቶ ወደ ካዛንቺስ በረረ። በቃ፣ ከዚያ አላየሁትም።»

«አድራሻውን በስልክ ነግሮታል?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ደላላ አድራሻ በስልክ ሲናገር ሰምተው ያውቃሉ? ከነገርነው በጎን ሄዶ ከአከራዩ ጋር ይጨርሳል! መንገድ ላይ አግኝተን በእግር ነው የምንወስደው፤ ያውም እንዳይለየው አዙረን አዙረን።»

ሸዋአየሁ እግሩን አሸት አደረገ። እሱንም ስንት ቀን አዙረውታል።

ቅዳሜ በጠዋት ሁሉንም ወደ ግቢው ጠራ። ሀምዲያን ከጣቢያ አስመጣት፤ ልጇ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ኤልዳድም መጣ። ሸዋአየሁ በሩን ራሱ ዘጋና ጠበቀ። መጨረሻ ላይ አንድ እጅ በግንቡ ቀዳዳ ገባ፤ ሽቦው ተሳበ፤ ተስፋለም ገባ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ እንጂ ትንፍሽ አላሉም።

«ሽቦውን ማን አሳየህ?» አለ ሸዋአየሁ።

«ማለቴ... ገመትኩ።»

«እኔ ፖሊሱ አሥር ደቂቃ ቆሜ አልገመትኩም። እግሬን አላስገባሁም ያልክበት ግቢ ነው። አድራሻውን በስልክ ነገረኝ ያልከውም ውሸት ነው፤ ደላላ አይናገርም። ኪዱ አንድ ቀን ይዞህ መጥቷል፤ አንተ ደግሞ በጎን ተመላልሰሃል። ኤልዳድ፣ ደንበኛ ድንገት ትቼዋለሁ ሲላችሁ ወዴት ነው የምትሮጡት?»

«ወደ ቤቱ ነዋ!»

«ኪዱም ሮጠ። እዚሁም አገኘህ። እማማ፣ እኔን ማነህ ብለው ጮኹብኝ። እሱ ዘው ብሎ ሲገባ ግን ዝም አሉ፤ ስለሚያውቁት ነው። ሽቦውንም ያሳዩት እርስዎ ነዎት።»

ሴትዮዋ ወደ ደረጃው ጠቆሙ። «ኪዱ 'እንጀራዬን ልትዘጋ ነው?' ብሎ ኮሌታውን ያዘው። ይሄ ደግሞ ገፋው። ከመስኮት አየሁ።»

ተስፋለም መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አልጋዬ በበሩ ይገባ እንደሆነ ልለካ ነው የወጣሁት። እንዲለቀኝ ብዬ ነው፤ እንዲለቀኝ ብቻ! ስድስት ወር ቤት ስፈልግ... ደክሞኝ ነበር።»

ሸዋአየሁ ድካሙን ያውቀዋል። አዘነለትም። ቢሆንም ካቴናውን አወጣ።

«እማማ፣ ዝም ያሉት ለእሱ ብለው አይደለም» አለ። «ሀምዲያ ከታሰረች ክፍሉ ያለ ንትርክ ይለቀቅልዎታል። ለሐሰት ቃልዎ ጣቢያ ይመጣሉ።»

ወይዘሮ ፍረወይኒ ወደ ሀምዲያ ዞሩ። «ልጄ... ከእንግዲህ ውጪ የሚልሽ የለም። እስክትጠግቢ ኑሪበት።»

ሀምዲያ ልጇን ከመሬት ብድግ አደረገች።

«ልጄ ሁለት ሌሊት ያለ እናት ስታድር እርስዎ እውነቱን ያውቁ ነበር» አለች። «ሌላ መግቢያ ቢኖረኝ፣ እትዬ፣ ዛሬውኑ እወጣልዎት ነበር።»

ልጇን አቅፋ ደረጃውን ወጣች።