ከፊላው ውስጥ የመለሰልኝ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እስከ ዛሬ ጽፌ የማውቀው ለአባቴ የሚላክ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ከሰላምታው ብዙ አያልፍም፣ ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ስለዚህ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ነው የምጽፈው። ደግሞ ጋኔን ታየ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ልጆች ሆነን ሌሎቹ ሲሸሹ እኔ ሄጄ አይ ነበር፣ ሁልጊዜም ወይ ጅብ ነው ወይ የጎረቤት ውሻ። ይሄኛውን ግን ምን እንደምለው አላውቅም።

የምኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ እትዬ ደብሬ ቤት ነው፣ የአባቴ እህት ናቸው፣ ስፖንሰር አድርገው ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። እትዬ ደብሬ ጣና ዳር ተወልደው ያደጉ ሰው ሆነው ውሃ አይወዱም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቶሮንቶ ኖረው አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወርደው አያውቁም፣ ለምን ሲባሉ ወሬ ይለውጣሉ፣ አባቴ ግን ጣና ላይ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነበራቸው ይላል። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ሜሮን፣ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ በዕድሜ እኩያዬ። ከቤት በወጣን ቁጥር ታዲያ "ልጄን አደራ" የሚሉት እኔን ነው። መንገዱን የምታውቀው እሷ፣ እንግሊዝኛው የእሷ፣ አደራው የእኔ።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ሜሮን "ካያክ እንሂድ" አለችኝ፣ ካያክ ማለት ለአንድ ሰው የምትሆን ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ናት። ለእናቷ ሞል ነው የምንሄደው አለች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ዝም ማለቴ ያው መዋሸት ነው።

ቦታው ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት የተከለለ ረግረግ ነው፣ መጀመሪያ ውሃው ላይ በተዘረጋ የሳንቃ መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ፣ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላ ነው፣ ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ክንፋቸው ላይ ቀይ ያለባቸው ጥቁር ወፎች ደግሞ በጎጇቸው አጠገብ ያለፈውን ሁሉ አናት አናቱን ይሉታል፣ ሜሮንን አንዱ ሁለቴ ሲነካት ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ሮጠች። እመኑኝ፣ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ውሃው ላይ ስንወጣማ ሌላ ሰው ሆንኩ። አባቴ ጣና ላይ፣ ደንገል ከሚባል የውሃ ሳር በተሠራ ታንኳ ማገዶ ወደ ገበያ የሚያመላልስ ሰው ነው፣ እኔም እግሩ ሥር ተቀምጬ ነው ያደግሁት፣ እና ሜሮን አንድ ቦታ ላይ ስትሽከረከር እኔ እንደ ዳክዬ ሰነጠቅሁት።

"አንቺ፣ ኤስካሌተር ላይ እጄን ካልያዝሽኝ የምትይው ልጅ ነሽ?" አለችኝ ከኋላ።

"እዚህ ደግሞ አንቺ የእኔን ያዢ።"

ደስታው አላስቀምጥ አለኝ፣ ቀድሜያት ሄድኩ፣ ጥፋቴ እሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሐይቁ በኩል ጉም መጣ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሃል፣ ዞር ስል ሜሮን የለችም፣ የመቅዘፊያዬ ጫፍ እንኳ አይታየኝም፣ ወፎቹም ባንዴ ዝም አሉ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም፣ ድሮም ጮኼ አላውቅም፣ እኔ እኮ አውቶቡስ ውስጥ "አሳልፉኝ" ማለት ተስኖኝ ፌርማታዬ የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ።

ትዝ ያለኝ የአባቴ ነገር ነው። ደንገል መሃል ሰው ሲጠፋበት ታንኳውን በመቅዘፊያው ይመታል፣ ሁለቴ፣ ቆም ብሎ አንዴ፣ የሰማው ሰው ደግሞ አንዴ፣ ቆም ብሎ ሁለቴ ይመልሳል። እኔም ካያኩን መታሁት።

ተመለሰልኝ። አንዴ፣ ቆም ብሎ ሁለቴ።

አልፈራሁም፣ እንዲያውም እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ሜሮን ናት ብዬ ወደ ድምፁ ቀዘፍኩ፣ ስመታ ይመልሳል፣ ሲመልስ እቀዝፋለሁ፣ የደረስኩበት ሲመስለኝ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። የእኔ ፕላስቲክ ስለሆነ ይጮሃል፣ የዚያኛው ግን ድፍን ነበር፣ እርጥብ ነዶ ሲመታ እንደሚሰማው፣ ይሄን እንኳ ያስተዋልኩት በኋላ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ተመላልሰን ፊላው ከፈት ሲል ሜሮንን አየኋት። ካያኳ ተገልብጧል፣ እሷ እስከ ደረቷ ውሃና ጭቃ ውስጥ ገብታ በሁለት እጇ አቅፋዋለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ መቅዘፊያዋ የለም።

"በምንድን ነው የምትመቺው የነበረው?" አልኳት እየጎተትኳት።

"ምኑን?" ጥርሷ ይንገጫገጫል። "ሰውዬው የት ሄደ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ከፊትሽ የነበረው ነዋ፣ ሲሪየስሊ አላየሽውም? ቆሞ ነው የሚቀዝፈው፣ በረጅም እንጨት። ሄልፕ ስለው ዞሮ አየኝና አለፈ። ጀልባው ደግሞ... ከሳር የሚሠራ ጀልባ አለ እንዴ?"

ታንኳ ከምን እንደሚሠራ ነግሬያት አላውቅም፣ እሷም በፎቶ እንኳ አይታ አታውቅም።

የካያኬን ጭራ አስይዣት ሳንቃው መንገድ ድረስ ቀዘፍኩ፣ ጉሙም እንዳመጣጡ ሄደ። ካያኮቹን ያከራየንን ሰው ብንጠይቀው፣ ከእናንተ በቀር ዛሬ ውሃ ላይ የወጣ ሰው የለም አለን።

ቤት ስንገባ ጭቃው አሳበቀብን፣ ሜሮን ሁሉንም ተናገረች፣ ሰውዬውንም ጭምር፣ እየሳቀች ልታቀለው ሞከረች። እኔ አደራ በልቻለሁና ቁጣውን አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እትዬ ደብሬ አልተቆጡም። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ሜሮን ገላዋን ልትታጠብ ገብታ የሻወሩ ውሃ ሲወርድ እስኪሰማ ጠበቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተጠጉ። ይኸው ሐምሌ አለቀ፣ ያሉኝን እስካሁን አላደረግሁም፣ እሳቸውም በየቀኑ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያሉኝ እንዲህ ነው፦

"ያ ሰው እንጨቱን የያዘው በግራ እጁ እንደሆነ አንቺ ጠይቂልኝ፣ የኔ ልጅ፤ እኔ ልጠይቃት አልደፍርም።"