ያልታየ ጥርስ

ሙሄዲን የመጀመሪያ ቀን ክፍሌ ሲገባ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር። በኮምቦልቻ ፀሐይ ካፖርት! ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ልስቅ አልኩና ቶሎ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

«ደሴ ጠዋት ብርድ ነው» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

በ1979 ዓ.ም. ነው። ሙሄዲን በየሐሙሱ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት በአውቶቡስ እየወረደ የሚመጣ የጤና ረዳት ነበር። የትንንሽ ልጆችን ጥርስ ያያል፣ በመፋቂያ እንዴት እንደሚፋቅ ያሳያል፣ በጨው ውኃ ያጉመጠምጣቸዋል፣ ከረሜላ ያስጠላቸዋል። እኔ ጣይባ ደግሞ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ሃምሳ ስምንት ልጆች ነበሩኝ።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ከላይኛው የፊት ጥርሶቼ አንዱ ጥቁር ነበር። በልቶታል። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደሴ ሱቅ ነበረው፤ አንድያ ልጁ ስለነበርኩ ከረሜላ ሲያጎርሰኝ ይውላል። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ እጄ ቀድሞኝ ይነሳል። ታዲያ ከወንድ ሁሉ መርጬ ማንን ብወድ ጥሩ ነው? ጥርስ መርማሪ! ኧረ ጉድ ነው!

መቼ እንደወደድኩት ግን አውቃለሁ። ሐዋ የምትባል ተማሪዬ አፌን አልከፍትም ብላ አለቀሰች። እሱ ባለ እጀታዋን ትንሽ መስታወት ሰጣት፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የራሱን አፍ ከፈተላት።

«በይ አንቺ አስቀድመሽ እኔን መርምሪኝ» አላት።

ሐዋ እንባዋን እየጠረገች ጥርሶቹን እስከምትችለው ድረስ፣ እስከ ሃያ ቆጠረች። እኔም በልቤ አብሬያት ቆጠርኩ። የኔ ነገር አለቀለት።

ያን ዕለት መውጫው ላይ ዞር አለና፣ «የእርስዎንስ ልየው፣ መምህርት?» አለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ» አልኩት በነጠላዬ ውስጥ።

ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ግራ መጋባቴ የጀመረው። በየሐሙሱ ለልጆቹ መፋቂያ ያድላል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ለኔ ይሰጠኛል። የልጆቹ እንዲሁ የተቆረጠ ነው። የኔ ግን በወጉ የተላጠ፣ ጫፉ የለሰለሰ። ምን ማለቱ ነው? አስተማሪ ስለሆንኩ ምሳሌ ሁኚ ማለቱ ይሆን? ወዶኝ ይሆን? ወይስ አፌ ሸቶት ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ከመጣችብኝ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልጥመኝ አለ።

ጎረቤት ክፍል የምታስተምረው ባይነሽ ሳቀችብኝ።

«አንቺ ሞኝ! ወዶሽ ነዋ!»

«ከወደደኝ ለምን አያናግረኝም?»

«አንቺስ አፍሽን ከፍተሽለት ታውቂያለሽ? እሱ ሲመጣ እኮ ቀብር የሄድሽ ነው የምትመስይው!»

እውነቷን ነው። እሱ ቀልድ ሲያመጣ ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ ጥቁር ሰሌዳውን አያለሁ። አንድ ቀን ወላጆችን ሰብስቦ፣ «ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የወተት ጥርስ አይደለም፤ ከተበላ ሌላ አይተካም፤ አደራችሁን» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ለሰው ልጅ መንጋጋ እንዲህ የሚጨነቅ ወንድ አይቼ አላውቅም። ምነው በልጅነቴ በመጣልኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ለካ ያኔ እሱም ልጅ ነበር።

በአሥረኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ዳይሬክተራችን ጓድ ፈንታሁን ቢሮ ጠሩኝ።

«ሙሄዲን ወደ ኩታበር ተዛውሯል። የነገው ሐሙስ የመጨረሻው ነው፤ ልጆቹ እንዲሰናበቱት ንገሪያቸው። ለነገሩ እኛ ጋ ያለው ፕሮግራም ካለቀ ወር አልፎታል። ለምን እንደሚመላለስ እንጃለት!»

ወር አልፎታል? ታዲያ ለማን ነው የሚመጣው? ለሃምሳ ስምንቱ ልጆች ወይስ...? ለኔ ነው እንዳልል አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተነፈሰም። አይደለም እንዳልል መፋቂያዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በአንዱም አልፋቅኩም። ነገ ከሄደ ግን ማንን እጠይቃለሁ?

በማግስቱ ሙሄዲን መጣ። የመጨረሻውን ልጅ አይቶ ሲጨርስ መፋቂያ አልሰጠኝም። ደብተሩን ነው የሰጠኝ።

«ለትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። የትኛው ልጅ የትኛው ጥርሱ እንደታመመ ተጽፎበታል። እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ መምህርት።»

ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወደ በሩ አመራ። ደብተሩን ገለጥኩት። የልጆቹ ስም በተርታ ተጽፏል፤ ከሁሉም በታች የኔ ስም። መምህርት ጣይባ፤ አልታየም። ቀጣዩን ሳምንት ገለጥኩ። መምህርት ጣይባ፤ አልታየም። አሥሩም ሳምንት እንደዚያው!

«ጓድ ሙሄዲን!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆመ። ሄጄ ልጆቹ የሚመረመሩበት አግዳሚ ላይ ዘጭ አልኩ። ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩ። ዓይኔን ጨፈንኩና አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ የሐዋ ድምፅ ተሰማ፦

«እትዬንም በልቷታል!»

«ሁላችሁም ወደ ቧንቧው! ተጉመጥመጡ!» አለ ሙሄዲን። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ።

መስታወቷን አስጠጋ። ብረቱ ከንፈሬን ነካኝ። ረጅም ጊዜ አየው፤ ለአንድ ጥርስ በጣም ረጅም ጊዜ።

«ይሄ መነቀል አለበት» አለ።

«በቃ? የምትለኝ ይሄን ብቻ ነው?» እንባዬ መጣ።

«ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

«ሙሄዲን! ለምንድን ነው ወር ሙሉ የተመላለስከው?»

መስታወቷን በስፒርት ባራሰው ጥጥ ጠረጋት፤ ደግሞ ጠረጋት። ካፖርቱን ሳይለብስ ያልበው ጀመር።

«ወላሂ፣ አንቺን ለማየት ነበር። ግን በገባሁ ቁጥር አፍና አፍንጫሽን ትሸፍኛለሽ። እጄ የሰው አፍ ውስጥ ስለሚውል የተጸየፍሽኝ መስሎኝ ነው።»

«እኔ አንተን? እኔ እኮ ጥርሴን አይተህ እንዳትጸየፈኝ ነው!»

ተያየን። አሥር ሐሙስ ሙሉ! መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ከዚያ እኔ፤ እጄ ሊነሳ ሲል ያዘኝ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ። «ደሴ ሆስፒታል ይነቅሉልሻል፤ አጠገብሽ እቆማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨንቆኛል።»

«ምን?»

«እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ የምልከው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ይሁን ወይስ ከተነቀለ በኋላ?»

ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ያዩናል፤ የጨው ውኃው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«በፊት» አልኩት። «ከነጥቁር ጥርሴ ልጠየቅ።»