የወረፋው ንጹሕ ግልባጭ

«አሥራ ሰባት» አለች ማስመሪያ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አቁማ ቀና አለች።

«አሥራ ሰባት ቁጥር፣ አሉ?»

በአጥሩ ጥግ የተደረደሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዞሮ መንገዱን ቃኘ፤ አንዷ ትከሻዋን ሰበቀች። አሥራ ሰባተኛው ሰው እነማስመሪያ የተከራዩት ቤት ባለቤት ነበሩ። ከሩብ ሰዓት በፊት «ሻይ ቀምሼ መጣሁ» ብለው ወደ ማዶ ሲሻገሩ አይታቸዋለች። አልተመለሱም።

«ይሰረዝ!» አለ ከወደ ኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ባለፈው ሳምንት እኔ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ስሜ ተሰርዞ ነው የጠበቀኝ።»

«አንተ እንኳ ሽንት ቤት ሳይሆን ግንቡን ተደግፈህ ተኝተህ ነበር» አለችው አጠገቡ የቆመች ሴት። ሰዉ ሳቀ።

ማስመሪያ በእርሳሷ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት አደረገችና ቀጠለች። «አሥራ ስምንት።» አሥራ ስምንተኛዋ ጆሯቸው የከበዳቸው አንዲት እናት ናቸው፤ ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ጉልበታቸውን ነካ ስታደርጋቸው እጃቸውን አነሡ። ቀጥሎ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ሃያ፣ እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ጠራች።

ይህን የስም ጥሪ ያመጣው መሥሪያ ቤቱ አልነበረም፤ ተሰላፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የጤና መድን ካርድ የሚያድስበት አንድ ማተሚያ ብቻ ስላለው በቀን ከሠላሳ ሰው በላይ አያስተናግድም። ድሮ በሩ ሲከፈት ጉልበት ያለው ገፍቶ ይገባል፣ ዘመድ ያለው በጓሮ በር ይገባል፣ የቀረው ደግሞ ተሳድቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰዉ ይህ ሲሰለቸው አንድ መላ ዘየደ። መጀመሪያ የደረሰ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ስሙን በተራው ያስመዘግባል። አንድ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ጊዜ ስም ይጠራል። በሁለተኛው ጥሪ ያልተገኘ ይሰረዛል። ከዚያ ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ በዚያው ቅደም ተከተል ያስገባል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሳይቀሩ ለምደውታል፤ አንድ ቀን ወረቀቱ ቢዘገይባቸው «ዛሬ ዝርዝሩ የለም እንዴ?» ብለው ራሳቸው ወደ በሩ ወጥተው ጠይቀዋል።

በዚያ ዓርብ መጀመሪያ የደረሰው አንድ ግንበኛ ነበር። «ጽሑፌን እኔም ተመልሼ አላነበውም» ብሎ ወረቀቱን ዘጠነኛ ሆና ለመጣችው ለማስመሪያ ሰጣት። እናቷ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ፈቃድ ስላላገኘች፣ የእሷም ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ፣ የቤተሰቡን ካርድ ለማሳደስ የመጣችው እሷ ናት። ወረቀቱን ስትቀበል መጀመሪያ ያደረገችው ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ ኅዳግ ማስመር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ይህን ስም ያወጡላትም በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ ሳታሰምር የሂሳብ ጥያቄ እንኳ አትሠራም።

በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ሰው ተመዝግቦ ነበር። አንድ ሲሰረዝ ልክ ሠላሳ ሆነ። ሠላሳ አንደኛው ወጣት በእፎይታ ደረቱን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ግንቡ ተጠጋ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም ባልሆነ። ማስመሪያ ግን ወረቀቱን አየችውና አላማራትም። ጤዛ ነክቶታል፣ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ እርሳሱም ደብዝዟል። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ጭኗ ላይ ዘረጋችና በእስክርቢቶ መገልበጥ ጀመረች።

«ማን ጠየቀሽ?» አለቻት ራዲዮ። ራዲዮ በክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ ናት፤ ለእናቷ ካርድ መጥታ ሃያ ሁለተኛ ነች። ስሟ እንደሚለው ወሬዋ ማጥፊያ የለውም። «ውጤት የሚሰጥሽ መሰለሽ? እኔ ብሆን እንደተጨማደደ ነበር የምወረውርለት። ደግሞ ሰማሽ፣ ያ የሳይንስ መምህር…»

ማስመሪያ በአንድ ጆሮዋ የሳይንስ መምህሩን ወሬ እየሰማች ገልብጣ ጨረሰች። አሮጌውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት፣ ውትድርና ደጅ ሳይደርስ «ሻምበል» የሚል ስም የወጣለት ዘበኛ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄማ መስታወት ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው» አለ። ማስመሪያ ፈገግታዋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ሻምበል ሠላሳውንም ስም አንድ ጊዜ አንብቦ ሁሉንም ወደ ግቢው አስገባቸው። በረንዳው ላይ ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ተቀመጡ፤ እየተጠሩም አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ መቅረብ ጀመሩ።

የማስመሪያ ተራ ቶሎ ደረሰ። ፎቶግራፎቹን ሰጠች፣ ፈረመች፣ ከማተሚያው የወጣውን ሞቅ ያለ ካርድ ተቀበለች። ራዲዮን ልትጠብቅ ወደ በረንዳው ስትመለስ አከራያቸው እጃቸውን አወዛውዘው ጠሯት።

እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ቀልድም ያውቃሉ። ችግራቸው አንድ ነው፦ ስለ ቤቱ የተጠየቁትን ሁሉ «ነገ» ይላሉ። የእነማስመሪያ ጣሪያ ከአልጋዋ በላይ ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እናቷ በጠየቀች ቁጥር «ነገ አናጢ እልካለሁ» ነው መልሱ። ተከራዮቹ በሌሉበት «አቶ ነገ» ነው የሚሏቸው።

«ነይማ አንቺ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስንጥር በጥርሳቸው እንደያዙ። «በጥሪው ሰዓት አልነበርኩም አይደል? አስተናጋጁ ሻዩን ከሌላ አገር ነው ያመጣው። ተሰርዣለሁ ብዬ ቦርሳዬን ላነሣ ስል በሩ ላይ ስሜ ተጠራ።»

ማስመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባትም። «አልተሰረዙም?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ጠቀሷት። «ግዴለም፣ ለማንም አልናገርም። ውለታ የምረሳ ሰው አይደለሁም። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ቅዳሜ አናጢው ይመጣል። ቆርቆሮውም ተገዝቷል፣ በሙሉ ነው የማስቀይርላችሁ።»

ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ቅዳሜ ማለት ያው ነገ ነው። የአሁኑ ነገ ግን የምር ይመስላል፤ የአናጢውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት።

ማስመሪያ ፈቀቅ ብላ ከግድግዳው ጋር ቆመችና አሮጌውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። የኤክስ ምልክቱን አገኘችው። በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት መካከል ተንጋዶ ተቀምጧል፤ የዚህኛውም ነው የዚያኛውም ነው ሊባል ይችላል። ስትገለብጥ ዓይኗ የወሰደው የታችኛውን ነው። አከራያቸውን ጻፈቻቸው፤ እማማን ዘለለቻቸው። ቁጥሩን እንደገና ተርታ ስላስያዘችው ክፍተቱ እንኳ አይታይም።

ፊቷ ሞቀ። ሰው ሁሉ እየሰማ የጠራችውን ስም ነው የተሳሳተችው።

እማማ በአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስም ሲነበብ ስላልሰሙ፣ ሰው ሲገባ አብረው ገብተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማስመሪያን ሲያዩ እጇን ያዙ።

«ተራዬ ደረሰ የኔ ልጅ?»

«ገና ነው እማማ» አለች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ።

«እንዳያልፈኝ አደራ። እኔ እንደሆነ ጥሪውን አልሰማም። ማክሰኞ ለዓይኔ ቀዶ ሕክምና ቀጥረውኛል።» በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው አሳዩዋት። «ካርዱ ካልታደሰ ተራሽን ለሌላ ነው የምንሰጠው ብለውኛል። አንደኛው ዓይኔ ድሮ ሄዷል፤ አሁን በዚህኛው ነው የምኖረው።»

ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማስመሪያ ጠዋት አንብባዋለች። የዚህ ዙር እድሳት ዛሬ ያበቃል፤ ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ወደ ራዲዮ ሄዳ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻት። ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ዝምታዋን ካሰች።

«አታካብጂ። ማን ያውቃል? አሮጌውን ወረቀት ቅደጂው፣ አለቀ። ጣሪያችሁ ይሠራል፣ ክረምቱን ጃንጥላ ይዘሽ ከመተኛት ትድኛለሽ።»

«እማማስ?»

«እማማን… እሺ፣ ሻምበል ዘለላቸው በያ። ሠላሳ ስም ሲያነብ አንድ ቢዘል ማን ይፈርድበታል? አንቺ ምንም ውስጥ አትገቢም።»

«ስማቸው እኮ እሱ ጋ ያለው ወረቀት ላይ የለም።»

«እንግዲያው ሠላሳ አንደኛ አድርገሽ ከታች ጨምሪያቸው። ኃላፊውን ይለምኑ፣ አሮጊት ናቸው፣ ያዝኑላቸዋል።»

ይህ ለማስመሪያ ደህና ሐሳብ መሰላት። ወደ መስኮቱ ተጠግታ ካርድ የሚያትመውን ሠራተኛ ጠየቀችው። ሰውዬው ከማሽኑ ቀና ሳይል በእጁ ጠቆማት፤ ባዶዎቹ ካርዶች በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። «ጠዋት ቆጥረው ሠላሳ ነው የሚሰጡኝ፣ እህቴ። ለምነው ቢያለቅሱም ከየት አመጣለሁ?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዳለ ነው የነገራት።

ተመልሳ በረንዳው ላይ ቆመች። እናቷን አሰበች። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋውን ወደ በሩ የሚገፉት ሁለቱ ናቸው። ዛሬ ማታ «ነገ አናጢ ይመጣል» ብትላት እናቷ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥሎ እንዴት ብላ ትጠይቃለች። እንዴት ለሚለው ማስመሪያ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባታል። ደግሞ አናጢው ጣሪያው ላይ ሚስማር ሲመታ እሷ ከታች ሆና ትሰማለች። አከራያቸውም ውለታ ነው ብለዋል። ያላደረገችው ውለታ ከአሁኑ ጀምሮ በስሟ ተመዝግቧል፤ ዝም ካለች ደግሞ አደረገችው ማለት ነው።

«አሥራ አምስት!» አለ ሻምበል ከመስኮቱ አጠገብ።

ማስመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሊያያቸው እንዲችል አሮጌውን ዘርግታ ወደ እሱ ሄደች።

«ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝርዝሩ ስሕተት አለበት።»

«የቱ? ይሄ ቆንጆው?»

«ቆንጆው።» ጣቷን አሮጌው ወረቀት ላይ አሳረፈች። «በሁለተኛው ጥሪ ያልነበሩት አሥራ ሰባተኛው ናቸው። እኔ ግን ስገለብጥ አሥራ ስምንተኛዋን አወጣሁ። እማማ መግባት አለባቸው፣ እሳቸው መውጣት አለባቸው።»

ሻምበል አንዱን ወረቀት አየ፣ ሌላውን አየ፣ ቆቡን ገፋ አደረገ። «እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው፣ ልጄ። አሁን ልቀይር ብል ሰውዬው ግቢውን በጩኸት ነው የሚሞሉት።»

«በጥሪው ጊዜ ሁላችንም ነበርን እኮ። ይጠይቁ።»

አሥራ አምስተኛዋ ተሰላፊ እማማን ጉልበታቸውን የነካቻቸው ሴት ነበረች። ወደ መስኮቱ እየቀረበች «እውነቷን ነው» አለች። «ሰውዬው አልነበሩም። እማማ ከጎኔ ነበሩ፣ እጃቸውንም አንሥተዋል። እኔም ስማቸው ሲነበብ አልሰማሁም፣ አመለጠኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሻምበል ተነፈሰ። «ይሁን እሺ፣ አስተካክዪው። ግን አንድ ነገር እወቂ። ማን ቀየረው ሲሉኝ እኔ ነኝ አልልም።»

«አይበሉ። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

እስክርቢቶዋን አውጥታ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደግፋ አሥራ ሰባተኛውን ስም ሰረዘች፤ በላዩ ላይ በጠባቡ ክፍተት የእማማን ስም አጣበበችና ጻፈች። ግድግዳው ሸካራ ስለነበር ፊደሎቹ ተንቀጠቀጡ፤ መሥመሩም ጠመመ። እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ሻምበልንም አስነበበችው።

ራዲዮ ከርቀት ራሷን ትነቀንቃለች። ከንፈሯ «አበድሽ?» ሲል ማስመሪያ አየች።

«አሥራ ስድስት!» አለ ሻምበል። ከአሥራ ስድስት በኋላ አሥራ ሰባት ነው። አከራያቸው ፎቶግራፎቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘዋል፤ ኮታቸውን አስተካክለዋል። ሻምበል አሥራ ሰባት ሲል ተነሥተው መስኮቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ሰምተው ከሚደነግጡ፣ ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል ብላ አሰበች። ምን እንደምትል ግን አላዘጋጀችም፤ ለማዘጋጀት ብትቆም እንደማትሄድ አውቃዋለች።

ወደ አግዳሚው ሄደች። አከራያቸው ስትመጣ አይተው ፈገግ አሉ፤ እንድትቀመጥ ብለው ፈቀቅ አሉላት፣ ቦታውንም በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ማስመሪያ አልተቀመጠችም። አሮጌውን ወረቀት ዘርግታ እንደያዘች ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ» አለች፣ «ጠዋት ስምዎን ያልሰረዝኩት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም።»