እርሳስ የገባበት

«ልትሰልዪ ነው የተላክሽው ወይስ ልትለኪ?»

ፌንጣ ቀና ስትል የጎረቤታቸው የዶሮዋ እትዬ ጫማ ከአፍንጫዋ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ልጅቷ በሆዷ ተኝታ የሴትየዋን የበር ሥር በእርሳስ እየወጋች ነበር። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ማንም እንዳልላካት፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ አይጥም እንደሚያስገባ የሳይንስ መምህራቸው እንደነገሯቸው፣ እሷም ቀዳዳ እየፈለገች እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«እንግዲያው ለእናትሽ ገባ በያት» አለች ሴትየዋ። «በእኔ በር ሥር እንኳን እርሳስ ደብተርም ይገባል። አከራዩ ሲመጣ ደግሞ እኔው ራሴ አሳየዋለሁ።» በሩን ዘጋችው። በኃይል አልዘጋችውም፤ ለፌንጣ ግን በኃይል ቢዘጋ ይሻላት ነበር።

ፌንጣ የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ከቆየች ወንበሩ ራሱ ይገረማል። የዚያን ቀን ግን ከወትሮውም ብሶባት፣ ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ዕቃ ማጠቢያው እየዘለለች እርሳሷን ያልሰካችበት ስንጥቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ለሰኞ የምታስረክበው አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ፣ አጥፋ፣ ጥግ ላይ ደርድራ ነበር። ጠዋት ልትቆጥር ስትል የሦስቱ ኮሌታ ተበልቷል። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው የዶሮዋ እትዬ ጓሮ ውስጥ ሠላሳ ዶሮ ታረባለች፤ የመኖዋን ከረጢቶች ቤቷ ነው የምታስቀምጠው። እናትየው መቀሷን እንደያዘች ሄዳ የተናገረችውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተደጋግፈው፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» የምትል ሴቶች፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ «እሷ» እና «ያቺ» ተባባሉ። ከዚያ እናትየው ለአከራዩ ደወለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ አሉ።

ፌንጣ ደግሞ አይጡ በየት እንደገባ ታውቃለች።

ስታውቅ ነው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሌላ ቀዳዳ ስትፈልግ የዋለችው። አንድ፣ አንድ ብቻ ብታገኝ ጥፋቱን በዚያ ታሳብበት ነበር። ግን እናቷ ቀዳዳ የምታስተርፍ ሴት አይደለችም። የበሩን ሥር ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ፣ የማጠቢያውን ቱቦ ዙሪያ በሲሚንቶ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለውን የድሮ ቧንቧ ቀዳዳ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጥቅጥቅ አድርጋ ዘግታዋለች። ሽቦ አይጥ አይበላውም። ሰው ግን ይነቅለዋል።

የነቀሉት ሁለት ሆነው ነው፤ ፌንጣ ከወዲህ፣ የዶሮዋ እትዬ ልጅ ከወዲያ። ልጅቷን ጭምቷ ነው የሚሏት። ለፈተና እንድታጠና እናቷ ከቤት መውጣት ስትከለክላት፣ ወረቀት እየጠቀለሉ በቀዳዳው ይላላኩ ጀመር። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ በኋላ የሒሳብ የቤት ሥራ መልስ ሆነ። ከጭምቷ ወደ ፌንጣ ብቻ፤ በተገላቢጦሹ የሚሄድ መልስ ኖሮ አያውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽቦው ከአልጋ ሥር ወድቆ ከረመ።

ፌንጣ ጭምቷን ዶሮዎቹ ጋ አገኘቻት። ውኃ እየቀየረች ነበር።

«ሽቦውን መልሰሽ ክተቺውና ዝም በይ» አለች ጭምቷ ቀና ሳትል። «ማን ያውቃል?»

«አከራዩስ?»

«እናቴ ከእሱ ጋር ስንቴ ተጣልታለች። ይጮሃል፣ ይሄዳል።» ከዚያ ድምጿን ቀነሰች። «የቤት ሥራውን ነገር ከሰማች ግን አልቆልኛል። እሷ ያን ሁሉ የምትለፋው እኔ እንድማር ነው። እባክሽ የኔ እናት።»

ውኃው ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ጭምቷ አላስተዋለችም።

ፌንጣ ቤት ገባች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ የተበላውን ኮሌታ እየተረተረች ነው። ልጅቷ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ተንፏቃ ገብታ ሽቦውን በአውራ ጣቷ ጠቀጠቀችው። እርሳሷን ሞከረች፤ አልገባም። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ወጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋችው። እናቷ ምን እንደነከሳት ጠየቀቻት። ምንም አለች። ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትከዪልኝ ስትባል መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ስድስት ጊዜ ሞከረች።

አከራዩ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤቶቹን በእጃቸው ስለሠሯቸው ግድግዳ ሲነኩ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስሱ ይመስላሉ። በመጀመሪያ ኮሌታዎቹን አዩ። ከዚያ ሁሉም ተከታትለው የዶሮዋ እትዬ ቤት ገቡ። ከረጢቶቹ ጣውላ ላይ ተደርድረዋል፤ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቀዋል፤ ሥራቸው ተጠርጓል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቢሆንም መኖ ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ እስከ ሰኞ ከዚህ ይውጣ አሉ።

የዶሮዋ እትዬ አልጮኸችም። ከረጢቶቹን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ እንደሌላት፣ ስለዚህ ዶሮዎቹን እንደምትሸጥ፣ ዶሮ ከሌለ ደግሞ እዚህ የሚያቆያት ነገር ስለሌለ ልጇን ይዛ እኅቷ ጋ እንደምትሄድ፣ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች በመጨረሻ፤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሳትዞር።

የፌንጣ እናት ወለል ወለሉን አየች። እንዲህ እንዲሆን አልፈለገችም ነበር፤ ግን የተናገረችውን ቃል እንደተሳሳተ ስፌት ተርትራ የምታወጣው አይደለም። ጭምቷ የበሩ መቃን ላይ ተለጥፋለች። ዓይኗን ፌንጣ ላይ ጥላ ራሷን ደጋግማ ወዘወዘች። ዝም በይ ይሁን ተናገሪ፣ ምኑም አልለይ አለ። ምናልባት እሷም አልለየላትም።

የፌንጣ እግሮች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ቆሙ።

«ቀዳዳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለውን። ሦስት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ነው መልሼ የደፈንኩት።»

እናቷ ዞረች። «ለምን ብለሽ?»

«የሒሳብ መልስ ልቀበልበት። እኔ ነኝ ጭምቷን አምጪ እያልኩ ያስቸገርኳት። እሷ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃት ልስጥሽ ብላ አታውቅም።»

ከጓሮ አንዷ ዶሮ እንቁላል ጥላ ዓለም እንዲያውቅላት ትንጫጫለች። ጭምቷ ከመቃኑ ተላቅቃ መጥታ ከፌንጣ ጎን ቆመች፤ ክንዷ ክንዷን ነካ። ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቃት ከእናቷ ፊት እያነበበች ነበር፤ ቢሆንም አልሸሸችም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ግድግዳ የሠራሁት በከንቱ ነው» ብለው ወጡ። ስለ ሰኞ ምንም አልደገሙም። ደጃፉ ላይ ግን ቆም ብለው፣ ስለ ከረጢቶቹ የሁለቱ ቤት ሰዎች ተስማምተው እንዲነግሯቸው አሳሰቡ።

የፌንጣ እናት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች፤ ሌላም ለቀመች። ልጇን እቤት እንደምታገኛት ፊቷ ላይ ተጽፏል። አሁን ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር ነበረባት፤ እሱ ደግሞ አርባ ዩኒፎርም ከመስፋት ይከብዳል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከረጢቶቹ እንኳ… እዚሁ ይቆዩ» አለች። «እናንተም።»

የዶሮዋ እትዬ ጎንበስ ብላ የአንዱን ከረጢት አፍ አጥብቃ አሰረች። አቧራ ከእጇ አራገፈች።

«ዶሮዎቹን ጠይቄ አሳውቅሻለሁ» አለች።