ናዒማ ያፈረችበት ምርመራ

ናዒማና አቡዘር የተዋወቁት በማንጎ ጭማቂ ጠርሙስ የተነሳ ነው። አቡዘር፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለችው ትንሽ ክሊኒክ፣ በላቦራቶሪው መስኮት የእናቱን ሽንት በዚያ ጠርሙስ ይዞ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ለመርማሪዋ ለናዒማ አቀበላት። ናዒማ ጠርሙሱን ከፍታ ብታሸተው የማንጎው ሽታ ገና አልለቀቀውም።

«ስማ፣ እናትህ የሚሸኑት ማንጎ ነው እንዴ?»

አቡዘር መግቢያ ጠፋው። «አጥቤው ነበር እኮ!»

«ታዲያ ስኳር ቢገኝ የማን ልንለው ነው? የእሳቸው ወይስ የጠርሙሱ?»

ንጹህ ዕቃ ሰጠችውና ለማንም እንደምትለው ምንም ሳይጎረብጣት ዘረዘረችለት። ከእንቅልፍ እንደተነሱ ይሁን፤ ይታጠቡ፤ የመጀመሪያውን ለቀው መሃል ላይ ያለውን ይቀበሉ፤ ሳይቆይ ይምጣ።

በማግስቱ ይዞ መጣ። በሳምንቱም መጣ፣ በባዶ እጁ። ከዚያ ወዲያ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለው የአባቱ ጨርቅ መደብር ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድ አጠረለት። ወሬውን በፈረንሳይኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፤ ሲጨቃጨቁ ደግሞ በሶማልኛ ነው። ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሚመጣው አርብ ወደ አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

የአቡዘር ታላቅ ወንድም ሳቢት የሞተው በኩላሊት ሕመም ነበር። ስለዚህ እናቱ ጠይባ፣ «አንተም ሳትመረመር ጎጆ አትወጣም» አሉት።

እኩለ ቀን ላይ፣ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ ናዒማ ጋ መጣ። ያን ሁሉ ድፍረት ከየት ታምጣው! ለስንቱ የምትዘረዝረው ነገር ለሚያገባት ሰው ሲሆን ከአፏ አልወጣ አለ። እሷ ወለሉን እያየች ዕቃውን ሰጠችው፤ እሱም ጣሪያውን እያየ ተቀበላት። መቼ ተነሳህ፣ ምን ስትሠራ አረፈድክ ብላ አልጠየቀችውም።

ሽንቱ ውስጥ የነከረቻት የመመርመሪያ ወረቀት ቢጫ መልክ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ፕሮቲን አለ ማለት ነው፤ የኩላሊት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ናዒማ ውጤቱን በመስኮቱ አቀብላው፣ «ሐኪም ይየው» ብቻ አለችው።

አርብ ማንም አልመጣም። አባቷ አዲሱን ጀለቢያ እንደለበሱ አመሹ። አቡዘር ስልክ አያነሳም። ናዒማ መጀመሪያ አዘነች፤ ቀጥሎ ናቀኝ ብላ ተናደደች።

ከቀናት በኋላ ጠይባ ለስኳራቸው ክሊኒኩ መጡ። ዕቃቸውን ካስረከቡ በኋላም መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አትቀየሚን። ‹የሳቢት በሽታ ይዞኛል፤ ናዒማን ባሏ የሞተባት አላደርጋትም› ብሎ ነው። ሐኪም ዘንድም አልሄድ አለ፤ ፈራ።»

ናዒማ ክው አለች። «እማማ፣ ያን ቀን ከየት ነበር የመጣው?»

«ከንጋት ጀምሮ ከመኪና የጨርቅ ጭነት ሲያራግፍ አርፍዶ ነዋ! በዚያ ፀሐይ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ።»

እንዲያ ለፍቶና ደርቆ የመጣ ጤነኛም ፕሮቲን ሊታይበት ይችላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ናዒማ በመጀመሪያው ጥያቄ ትደርስበት ነበር። እርግጥ አቡዘር የሳቢት ወንድም ነው፤ ሕመሙ እውነት ሊሆንም ይችላል። ግን ማን አጣራ?

ቀጥ ብላ መደብሩ ሄደች። አቡዘር ሲያያት ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። ጨርቅ በሚያማርጡ ሴቶች መሃል ቆማ ንጹህ ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ ምንም እንዳትሸከም፤ ውሃ ጠጣ። ነገ ከእንቅልፍህ እንደተነሳህ ታጠብ። የመጀመሪያውን ልቀቀውና መሃል ላይ ያለውን ተቀበል» አለችው፣ ፊቷ እንደ እሳት እየጋለ።

«ናዒማ፣ ኧረ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! አፍሬ ዝም ብዬ አይደል እዚህ የደረስነው?»

በማግስቱ ጠዋት ይዞ መጣ። ናዒማ ወረቀቷን ነከረችና ሶፍት ላይ አኑራ በእጇ ጋረደቻት። ቀለሙ እስኪታይ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

«ሽማግሌዎቹ አባቴን ሊጠይቁ የነበረውን አሁን እኔን ጠይቀኝ» አለችው።

«ውጤቱ ክፉ ቢሆንስ?»

«ምንም ቢሆን ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ጠይቀኝ አቦ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው!»

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ።»

ያኔ እጇን አነሳች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ቢጫው ቢጫ እንደሆነ ነበር።

ናዒማ ግን ያለቀሰችው እጇን ከማንሳቷ በፊት፣ «አገባሃለሁ» ስትለው ነው።